ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ላፕቶፕ

በመተማ ቆላ፣ ኮኪት ላይ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው እንዴት እንደሚጠቀምበት ሳይሆን እንዴት አድርጎ እንደሚሸፍነው ነው። ሶፋው ከነላስቲኩ ይቀመጣል፤ በዚያ ሙቀት እንግዳው ላቡ ከላስቲኩ ጋር አጣብቆት ሲነሳ ልብሱ እየተላቀቀ ይጮሃል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ከመጠቅለሉ የተነሳ ቁጥሩ አይታይም። የአቶ ዋኘው ትራክተር ከተገዛ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ የወንበሩ ላስቲክ ግን ዛሬም እዚያው ነው። ዋለ የሚባለው ኦፕሬተር በግንቦት ፀሐይ እሱ ላይ እየተቀቀለ ያርሳል። ይህን ሁሉ ሰው "ዕቃ አያያዝ" ይለዋል። ስሙ ደስ ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ዕቃውን ከባለቤቱ መከልከል ነው።

ማስተዋል የአቶ ዋኘው ልጅ ናት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። የዘንድሮው ፈተናም በኮምፒውተር እንደሚሰጥ ሲነገራቸው እሷ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ደነገጠች። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ ትሁን ለፈተና ጎንደር ሄዳ የሆነችውን ታውቃለች። ትሁን ጎበዝ ነበረች። ከፈተናው ስትመለስ ግን በራቸው ላይ ተቀምጣ፣ "መልሱን አውቀዋለሁ ማስቱ፤ መጫኛውን ነው ያላወቅሁት" ብላ እስኪበቃት አለቀሰች። ማውሱን ስታንቀሳቅስ ቀስቷ እየጠፋችባት፣ ያልፈለገችውን ነክታ ጥያቄው ሲያልፋት፣ ተቆጣጣሪውን ለመጥራት ስታፍር ሰዓቱ አለቀ። አሁን ትሁን መተማ ሻይ ቤት ትሠራለች። ማስተዋል የፈራችው ይህን ነው። ሻይ ቤቱን አይደለም፤ እያወቁ መውደቅን ነው።

ስለዚህ አባቷን ለመነች። በዚያ ዓመት ሰሊጥ ደህና ዋጋ አውጥቶ ስለነበር አቶ ዋኘው ብዙም አላንገራገሩም። እንዲያውም በመንገዱ ሁሉ ላገኙት ሰው፣ ልጄን ላስተምር ኮምፒውተር ልገዛ ነው የምሄድ፣ እያሉ መተማ ዮሐንስ ደረሱ።

ሱቁ የረቢዓ ነው። ረቢዓ ወደ ድንበሩ በሚወርደው መንገድ ዳር ስልክና ኮምፒውተር ትሸጣለች፣ ትጠግናለች፤ ሱዳኑም ሐበሻውም ያውቃታል። ላፕቶፑን ከካርቶኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመረች። መጀመሪያ ላስቲኩን ሁሉ ላጡ፤ ይህ ማሽን በጎንና በሆዱ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው፣ የኛ አገር ሙቀት ደግሞ ለሰውም አልሆነ፣ አለች። ቻርጁ እስኪሞላ ይሰካ፤ ከዚያ ሲከፈት ቋንቋና ስም ይጠይቃል፣ የሚሠራበት ሰው የራሱን ስም ይጻፍ፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ያውጣ፣ አለች። ጠረጴዛ ላይ እንጂ ፍራሽና ትራስ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስትጠቀሙ ኃይሉን በሚያመጣጥነው ስታቢላይዘር እንጂ በቀጥታ እንዳትሰኩት፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት፣ ያገኛችሁትን ፍላሽ ሁሉ እንዳትሰኩበት፣ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ስትጨርሱም በሥርዓቱ አጥፉት እንጂ ገመድ አትንቀሉበት፣ አለች።

አቶ ዋኘው በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ትራክተር ጎማ በስልክ ያወሩ ነበር። ስልኩን ሲዘጉ ረቢዓ ከመጀመሪያው ልትደግምላቸው ብትል ሳቁባት። ማሽን አይጠፋኝም፣ ትራክተር ከቤቴ የማሳድር ሰው ነኝ፣ አሏት። ረቢዓ ዓይኗን ወደ ማስተዋል መለሰች። "አንቺ ሰምተሻል አይደል?"

ማስተዋል ሰምታለች። ቃል በቃል ሰምታለች።

ቤት ሲደርሱ ግን የሰማ ሰው አልተፈለገም። አቶ ዋኘው ዋለን ከጓሮ አስጠሩት፤ ማሽን የሚያውቅ እሱ ነው አሉ። ዋለ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም ዋለ፤ ስልኩ ላይ ፊልም ይጭናል፣ ትራክተር ፈትቶ ይገጥማል፣ የተጠየቀውን አላውቅም ማለት ግን ሞቱ ነው። የሚመጣለትን ሁሉ እየነካ ከፈተው። ስም ሲጠይቀው የአቶ ዋኘውን ስም ጻፈ። የይለፍ ቃሉን አውጥቶ ለአቶ ዋኘው በጆሯቸው ነገራቸው። ማስተዋል ከጀርባቸው ቆማ ላስቲኩ መነሳት እንዳለበት ብትናገር አባቷ ዘወር ብለው አዩዋት።

"ላስቲኩ ከተነሳማ አሮጌ ሆነ ማለት አይዶለም እንዴ?"

"አባየ፣ ካልተነሳ አይተነፍስም ብላለች።"

"እሷ ነጋዴ ናት። ቶሎ ተበላሽቶ ሌላ እንድገዛት ትፈልጋለች። ፈተናው ሲደርስ ትነኪዋለሽ፤ እስከዚያ አዲስነቱ አይጥፋ።"

ላፕቶፑ ከነላስቲኩ ቡፌው ውስጥ ገባ። እናቷ ወይዘሮ ባየሽ ከላዩ ዳንቴል አለበሱት። ቡፌው ተቆለፈ፤ ቁልፉ አባወራው ኪስ ገባ። ማስተዋል ስታኮርፍ እናቷ በሹክሹክታ ገሠጿት፤ ማን ይበላብሻል፣ ያንቺው ነው እኮ፣ አባትሽን አታስቆጪው፣ አሉ።

"የኔ ከሆነ ቁልፉ አባየ ኪስ ምን ይሠራል እምየ?"

ወይዘሮ ባየሽ እናት ሁሉ የምትለውን አሉ፤ ምላስሽን ሰብስቢ።

ለማስተዋል የተረፋት ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ የላፕቶፑ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ ላይ ደግሞ ፊደል የተጻፈባቸው መጫኛዎች በትንንሹ ይታያሉ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሥዕሉን በጣቶቿ ትጫናለች፤ ስሟን ትጽፋለች፣ የትምህርቶቹን ስም ትጽፋለች። ምንም አይመጣም። ትምህርት ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች ለተማሪው ቁጥር አይበቁምና ተራ ሲደርሳት ከሌሎች ጋር ተጋፍታ ትንሽ ትነካለች፤ ከዚያ ደወል ይደወላል። ቤቷ ውስጥ፣ ከምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ማዶ፣ በስሟ የተገዛ ማሽን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እሷ ካርቶን ትጫናለች። ይህን ያየ ሰው እንዴት አይናደድም? ያዩት ግን ሳቁ። እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ እንኳ እንደ ልጅ ጨዋታ አድርገው ነው ያወሩት።

እንግዳ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የሰሊጥ ደላላው ቢያድግልኝ ከጎንደር ባለሀብቶች ይዞ ሲመጣ ቁልፉ ከኪስ ይወጣል፤ ዳንቴሉ ይነሳል፤ ላፕቶፑ ከፍ ብሎ እንዲታይ በትራስ ላይ ይደረጋል። የሚታየው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የታላቅ ወንድሟ የወንድማገኝ የሰርግ ቪዲዮ። ወንድማገኝ ሲጨፍር፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ መኪናው በአበባ ተሸፍኖ ሲመጣ። ሰርጉ ሲያልቅ እንግዶቹ ከየኪሳቸው ፍላሽ እያወጡ የሱዳን ዘፈንና የሕንድ ፊልም ያስጭናሉ። ከፍላሾቹ ጋር ቫይረሱም ገባ። ላፕቶፑ ለመነሳት የሚፈጀው ጊዜ ረዘመ፤ ዋለ ግን ማሽን ሲላመድ እንዲህ ነው፣ እያለ ያስረዳል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ግሎ ሳለ፣ መብራት ጠፋና ጄኔሬተሩ ተነሳ። ዋለ ላፕቶፑን በቀጥታ ሰካው። ሰርጉ ግማሽ ሳይደርስ ውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ መጮህ ጀመረ። ቢያድግልኝ ጨዋታ ያውቃል፤ ጆሮውን አስጠግቶ፣ "ይሄስ የጭልጋን ዳገት የሚወጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው የሚመስል" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዋለ ደግሞ፣ ሞተሩ ጥሩ ስለሆነ ነው ድምፁ የሚያምረው፣ ብሎ ጨመረበት። ማስተዋል ውሃ ይዛ ገብታ ነበር፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

"አባየ፣ ትራሱ ላይ ስለሆነ ታፍኗል። ያንሱት፤ ይቃጠላል።"

እንግዶቹ ልጅቱን አዩ፤ ከዚያ አባትዬውን አዩ። አቶ ዋኘው ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸው ትክክል መሆኗን አለመሆኗን አልመረመሩም፤ በእንግዳ ፊት መናገሯን ብቻ ነው የሰሙት።

"አንቺ ውሃውን ቅጂ" አሉ።

ቀዳች። አንገቷን ደፍታ ነበር፤ እንግዶቹ ፍርሃት መሰላቸው። ፍርሃት አልነበረም። በዚያች ሰዓት ማስተዋል ትራሱን ከነላፕቶፑ አንስታ በመስኮት ብትወረውረው ደስ ባላት ነበር። ብርጭቆዎቹን ሞልታ ወጣች። ከጓሮ ያለው ጄኔሬተር ጩኸቷን ይሸፍንላት ስለነበር እዚያ ቆማ ጮኸች።

ግንቦት ገባ። የእርሻው ምንጣሮ አልቆ ትራክተሩ መሬቱን መገልበጥ ጀመረ። አቶ ዋኘው እርሻው ላይ ወዳለው ካምፕ ወርደው ሲሰነብቱ ላፕቶፑን ይዘውት ሄዱ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ቤት ከቀረ ልጅቱ ትከፍተዋለች። ሁለተኛ፣ የአጎራባች እርሻ ባለቤቶች ካምፕ ብቅ ማለታቸው ስለማይቀር ሰርጉን ያያሉ። ፈተናው ሊደርስ ነው፣ አሁን ያስፈልገኛል፣ ብላ ማስተዋል መኪናው በር ላይ ቆማ ብትለምናቸው፣ ስመለስ ትወስጃለሽ ብለው በሩን ዘጉት።

ዋልካ የሚባለው ጥቁር መሬት በበጋ ሲታረስ አቧራው ምን እንደሚመስል የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ላፕቶፑ ውስጥም ገባ። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ በቆመው መኪና ውስጥ ይውላል፤ ሲመሻሽ ወጥቶ ይጨፈርበታል። አንድ ቀን አልነሳ ሲል ዋለ ምርመራውን ጨረሰ፤ አቧራ ዘግቶት ነው። መድኃኒቱንም ያውቀዋል። የትራክተሩን አየር ማጣሪያ ፊልትሮ በየቀኑ የሚነፋው በኮምፕረሰር ነው፤ ጎማ የሚሞላ፣ ሰው ላይ ቢያርፍ ቆዳ የሚልጥ ነፋስ። የላፕቶፑን ሆድ ገልብጦ በዚያ ነፋው። ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ድምፅም ብርሃንም አልሰጠም።

አቶ ዋኘው ከካምፕ ሲመለሱ ቁጣቸው ለሌላ ሰው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለረቢዓ። ማስተዋልን መኪናው ውስጥ አስገብተው መተማ ወረዱ። ሱቁ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው፣ የሞተ ዕቃ ነው የሸጥሽልኝ፣ እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው፣ አሉ። ረቢዓ ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልቀመጥም አሉ። መፍቻዋን አነሳችና የሆዱን ብሎኖች መፍታት ጀመረች። ክዳኑ ሲነሳ ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

ቀዳዳዎቹ ላይ የነበረው ላስቲክ በሙቀት ቀልጦ እንደ ሙጫ ተለጥፏል። ከሥሩ የዋልካ አቧራ ተጋግሯል። የማቀዝቀዣዋ ትንሽ ክንፍ ተገንጥላ ጥግ ላይ ተኝታለች።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ጋሽ ዋኘው" አለች ረቢዓ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሱቁ በሙሉ ሰማው። "ወላሂ እኔ ሕያው ዕቃ ነው የሰጠሁዎ። አፍንጫውን ይዘው ሩጥ ያሉት እርስዎ ነዎት። ልጅቱ አልነገረችዎትም?"

አቶ ዋኘው ወደ ልጃቸው ዞሩ። እንድትከላከልላቸው ይሁን እንድትቆጣላቸው አልታወቀም። ማስተዋል ግን ያን ሁሉ ወር የዋጠችውን ከዚህ በላይ መዋጥ አልቻለችም።

"ነግሬያቸዋለሁ" አለች። "ቤት ስንደርስ ነግሬያለሁ። ትራስ ላይ ሲቃጠል ነግሬያለሁ። ውሃ ቅጂ ተባልኩ። አባየ፣ አገሩ ሁሉ ለልጁ ኮምፒውተር ገዛ እያለ ያመሰግንዎታል። እኔ እስካሁን የነካሁት ካርቶኑን ነው። ወንድሜ ሲጨፍር ስንት እንግዳ አይቶበታል፤ እኔ አንዲት ፊደል አልጻፍኩበትም። ዋለ ነው ያበላሸው አይበሉ፤ ረቢዓም አይደለችም። ለእኔ የተበላሸው ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ቀን ነው።"

አቶ ዋኘው እምቢ ያሉት ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከገበያተኛው አንዱ የሚገዛውን ረስቶ ወጣ።

ረቢዓ የሚሰበር ዕቃ ሁሉ የሚጠገን መስሏቸው እንዳይዝናኑ ፈለገች መሰል፣ እውነቱን ነገረቻቸው። ማቀዝቀዣው ከጎንደር መምጣት አለበት፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ፈተናው ግን ቀኑ ታውቋል። ልጅቱ እስከዚያ ሱቄ እየመጣች በኔ ማሽን ትልመድ፣ አለች። ማስተዋል ጥቂት ጠዋት ከኮኪት በሚኒባስ እየተመላለሰች ለመደች፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋና ቀረ። መንገዱ ተከፍቶ ማቀዝቀዣው የመጣው ተፈታኞቹን ጎንደር የሚወስደው መኪና ሊነሳ ሲል ነው። ረቢዓ ፊልሙንም ቫይረሱንም ጠርጋ ላፕቶፑን እንደ አዲስ አስነሳችው። ስም ሲጠይቅ ማስተዋል የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ ድረስ አባቷ ጎን ቆመው ጠበቁ፤ አላጣደፏትም።

ግን ዘግይቷል። የዘገየ ነገር ዘግይቷል፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ፈተና እንግሊዝኛ ነበር፤ ማስተዋል የምታውቀውን ጥያቄ ሁሉ እያነበበች፣ ወደሚቀጥለው ማለፊያዋን ስትፈልግ፣ ያለፈችውን ለመመለስ ስትታገል ሰዓቱ ጥሏት ሄደ። በቀጣዮቹ ቀናት እጇ ተላመደና ደህና ሠራች። ውጤቱ ሲመጣ የጎደላት በጣም ጥቂት ነጥብ ነበር፤ ያ ጥቂት ነጥብ ግን ዩኒቨርሲቲ መግባትንና አለመግባትን ለመለየት በቂ ነው።

አቶ ዋኘው ውጤቱን ሲሰሙ ፈተና አውጪውን መራገም ጀመሩ። ማስተዋል ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማ ነበር፤ ስትዞር ዓይኗ ደርቋል። የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ሁሉ አውቀው ነበር አባየ፣ አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ርግማኑ አፋቸው ላይ ቀረ። የቡፌውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው፣ ዘንድሮ ለፈተናው እንደገና ትቀመጫለሽ፣ ማሽኑ ያንቺ ነው፣ ማንም አያዝበትም፣ እኔም ቢሆን፣ አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነገር ካለ ሂድና እየው። ለማን ገዛኸው? ያ ሰው ነክቶታል? ኮምፒውተር ላስቲኩ ተነስቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ አቧራው በጨርቅ እየተጠረገ፣ በየቀኑ ሲሠራበት ነው የሚኖረው። ልጅም እንደዚያው ነው። ሴት ልጅህ ስትነግርህ የሰማኸው ድምፅዋን ብቻ ከሆነና የምትለውን ካልሰማህ፣ የሚበላሸው ማሽኑ ብቻ አይሆንም። ማሽን ይጠገናል። ያለፈ ፈተና ግን ማንም መፍቻ ይዞ አይከፍተውም።

የሰሊጡ ወቅት ደርሶ ቢያድግልኝ አዳዲስ ባለሀብቶች ይዞ መጣ። ገና ከመቀመጡ፣ ያን ኮምፒውተር አምጡትና የወንድማገኝን ሰርግ እናሳያቸው፣ አለ። ማስተዋል በጎኑ ክፍል በሩን ከፍታ ትሠራ ነበር፤ የመጫኛዎቹ ድምፅ ይሰማል። እንግዶቹ ወደ አቶ ዋኘው ተመለከቱ።

"የልጄ ነው። እሷን ጠይቋት" አሉ።

ቢያድግልኝ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከበሩ ወዲህ አንገቱን አስግጎ፣ ማስቱ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ስጪን፣ አላት።

"እየሠራሁበት ነው ጋሼ" አለች ማስተዋል፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ቢያድግልኝ አባትዬው እንዲቆጧት ጠበቀ። አቶ ዋኘው ተነሱ፤ ማንቆርቆሪያውን አነሱና የእንግዶቹን ውሃ ራሳቸው ይቀዱ ጀመር።